«አትተባበርም» ማለት ምን ማለት ነው?

የድባቴ ታካሚ በንግግር ሕክምና ሳይሻለው ሲቀር ጥፋቱ የሚለጠፈው በራሱ ላይ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የአንዲት ወዳጄ ማኅደር ላይ ባለሙያው የጻፈውን በዓይኔ አይቻለሁ፦ «አትተባበርም»። የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ በየቀኑ የመጣባትን ክፉ ሐሳብ በሠንጠረዥ እየሞላች እንድታመጣ። ባዶውን መለሰችው። ተነሥታ ፊቷን መታጠብ ላቃታት ሴት ያንን ወረቀት መሙላት ምን ያህል እንደሚከብዳት የጠየቃት የለም።

የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ይህ ሐሳብን በሠንጠረዥ የሚያስመዘግብ የንግግር ሕክምና ዓይነት ብዙ ሰው አድኗል፤ አልክድም። ለሁሉም ግን አይሠራም። ሰው ከሰው የሚለይበት ምክንያት ደግሞ ስንፍና አይደለም! እነ ቻርልስ ኔመሮፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ሥር የሰደደ ድባቴ የነበረባቸውን 681 ሰዎች መረመሩ። በልጅነታቸው ወላጅ የሞተባቸው፣ የተደበደቡ፣ የተደፈሩ ወይም ጠያቂ አጥተው ያደጉት ከመድኃኒት ይልቅ በንግግር ሕክምና ተሻላቸው። እነ ሔለን ሜይበርግ በ2013 አትላንታ ላይ ከሕክምና በፊት የድባቴ ታካሚዎችን አንጎል በምስል ሲያነሡ፣ ኢንሱላ የሚባለው ክፍል ሥራው የቀዘቀዘባቸው በንግግር፣ የበረታባቸው በመድኃኒት ሲድኑ አዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለዕለት ሕክምናም አልደረሰም። ቢሆንም ታካሚዋ ገና አፏን ሳትከፍት ልዩነቱ እንዳለ ያሳያል።

ኡጋንዳ ውስጥ በማሳካና በራካይ ገጠሮች ደግሞ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አልነበረም። በድባቴ የሚሠቃዩ የየመንደሩ ሰዎች በቡድን ተቀምጠው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ስለ ሐዘናቸውና ስለ ጠባቸው ለ16 ሳምንታት ተነጋገሩ። በመጨረሻ ድባቴው ያልለቀቃቸው 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህን ባላገኙት መንደሮች 54.7 በመቶ።

ባለሙያም ከባለሙያ ይለያል። አንድ ዓይነት ሥልጠና ወስደው የአንዱ ታካሚዎች ሲድኑ የሌላው ባሉበት ይቀራሉ። ታዲያ «አትተባበርም» የሚባለው ማን ነው?

ባለሙያዎች ሆይ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሿል። ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ማንበብ ለከበዳት ታካሚ አንብቡላት። በየቀጠሮው ጠይቁ። ነጥቡ ከሳምንታት በኋላም ካልወረደ ዘዴውን ቀይሩ፣ መድኃኒት እንዲታከልላት አድርጉ፣ ካልሆነም ለሌላ ባለሙያ አስተላልፏት።