«ሆድ ብሶኛል» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

እስቲ «ሆድ ብሶኛል» የሚለውን ለአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ተርጉሙለት። ሆድ አለ፣ መባስ አለ። ቃል በቃል ከሄዳችሁ ሐኪሙ የሚረዳው የሆድ ሕመም እንደጠናባችሁ ነው። «አንጀቴ አረረ» ብትሉትማ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊልካችሁ ይችላል። እኛ ሐዘንና ጭንቀታችንን በሆድ፣ በአንጀትና በጨጓራ ነው የምንናገረው። አዲስ አበባ ላይ ነርሷም ሐኪሙም በዚሁ ቋንቋ ስላደጉ ችግር የለውም። ችግሩ ታማሚው ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ነው።

የአክስቴ ልጅ እዚያው አካባቢ በሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ እንቅልፍ እንዲወስደው መጠጣት ጀመረ፤ ቆይቶም መጠጡ የእንቅልፍ ማምጫ መሆኑ ቀረና ራሱን የቻለ ችግር ሆነ። አንድ ቀን ጨክኖ ክሊኒክ ሄደ። ያስተረጎመችለት የ11 ዓመት ልጁ ናት። እሷ የምታውቀው ሆድ ምግብ የሚገባበትን ነው፤ ያንኑ ተናገረች። ሐኪሙ «በቀን ምን ያህል ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ አባትየው «አልፎ አልፎ» አለ። በልጁ ፊት ሌላ ምን ይበል? የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የሚያናድደው፣ ይህ መሆን ያልነበረበት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከ2010ሩ የጤና ሕግ የመነጨው ደንብ አስተርጓሚ ሊገኝ ካልቻለበት አስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም ይከለክላል። ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 የራሷን የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነውና ልናገር፦ ደንበኛው የማያውቀው አገልግሎት ለእሱ የለም ማለት ነው። ይህ አገልግሎት ደግሞ ካልጠየቁት ብዙ ጊዜ ራሱ አይመጣም።

አስተርጓሚ እንደሚሰጥ እያወቁ የማይጠይቁም አሉ። ምክንያታቸውን እረዳለሁ። ሐበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ዛሬ ስለ መጠጤ የተረጎመልኝን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባገኘውስ? ለዚህ ቀላሉ መፍትሔ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ነው። በስልክ የሚያስተረጉመው ሌላ ግዛት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ፊታችሁንም አያይም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት። በተለይ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከተራው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ የፌዴራል ደንብ የተከለለ ነው።

ገንዘቡም ያስፈራል። ዲቪ ደርሷቸው ለሚሄዱ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፦ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ ያላቸው አብዛኞቹ አዋቂዎች ሜዲኬይድ ለማግኘት 5 ዓመት ይጠብቃሉ። እስከዚያው ግን እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ነገሩ ከከፋ ደግሞ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በ1986ቱ ሕግ መሠረት መክፈል አትችልም ብሎ ሳይመረምር ሊመልስ አይችልም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም ጭንቀት መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው ሰው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላል። ቁጥሩ ከ2022 ሐምሌ ወር ጀምሮ ይሠራል፤ ስልኩን ላነሣው ሰው «አምሃሪክ» ብሎ መጠበቅ ነው፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ይገባል። ከአዲስ አበባ ልንደውልላቸው ስለማንችል ቁጥሩን ቀድመን ብንነግራቸው ይሻላል።

ስለ እኛም ስለ እዚህኞቹ ጥቂት ልበል። ስንደውል የምንጠይቀው ስለ ሥራና ስለ ወረቀት ነው፤ «ደህና ነኝ» ሲባል ወደ ቤት ኪራዩና ወደ ትምህርት ቤት ክፍያው እናልፋለን። ጠጣ የሚል ወሬ ከደረሰን ደግሞ ልማዳችን ሌላ ነው፦ «ገዝቼሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፍህ እንዳታደርስ!» አክስቴም ያለችው ይህንኑ ነው፤ እናት ናትና አልፈርድባትም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥና እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መጠጡን የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው፤ የሚረዱ መድኃኒቶችም አሉ። ጸሎቱም ጸበሉም ከዚያ ጎን ይሂድ፣ ማንም አይከለክልም።

አክስቴን ከግዝቱ ይልቅ ሌላ እንድትጠይቀው ለመንኳት፦ «ልጄ፣ ሐኪም ጋ ስትሄድ ማን ነው የሚያስተረጉምልህ?» ጠየቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አወሩ፤ ስለ ገንዘብ ያነሣ አልነበረም።