ነፋስን ያልቈጠረ ተኳሽ

ጠመንጃ በሀገራችን ብረት ብቻ አይደለም። ለሠርግ ይተኰሳል፤ ለለቅሶም ይተኰሳል። ከወሎ ደጋ እስከ ከሚሴና እስከ ባቲ ድረስ «ዒላማ አይስትም» የተባለ ሰው የተከበረ ነው። ተኳሽ መከበሩን አልቃወምም። የምቃወመው ክብሩ ሁሉ ለጣቱ ተሰጥቶ ለአእምሮው ምንም አለመትረፉን ነው።

«የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ጥይት መናገር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የጠባይም ስለ ሆነ ሁላችንንም ያገባናል።

ብዙ ሰው ነፋስ ጥይትን እንደ ቅጠል እየገፋ የሚወስደው ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ጥይት እየተሽከረከረ ሲበር አፍንጫውን ወደሚገጥመው አየር ያቀናል፤ ነፋስ ከጎን ሲመጣም ጫፉ በጥቂቱ ወደ ነፋሱ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ አየሩ ጥይቱን የሚጎትተው ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገንም ጭምር ነው። ስለዚህ የመሳቱ መጠን የሚታወቀው ጥይቱ በጉዞ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ሳይሆን አየሩ ባዘገየው ጊዜ ነው። ይኸውም አየር ባይኖር ኖሮ ሊደርስበት ከሚችለው ጊዜ በላይ የፈጀውን ቍራጭ ሰከንድ ከጎን በሚመጣው ነፋስ ፍጥነት ማባዛት ነው።

በምሳሌ እንየው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይሄዳል። አየር ባይኖር 300 ሜትርን በ0.42 ሰከንድ ይጨርስ ነበር፤ አየሩ ግን የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያዘገየዋል። በሰከንድ 4 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ቀጥ ብሎ ከጎን ቢነፍስ ጥይቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። በ100 ሜትር ላይ ስሕተቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ ዐሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አርባ ሳንቲ ሜትር ማለት ደግሞ የታለመውን ትቶ አጠገቡ የቆመውን መምታት ነው።

ቦታውም የራሱ ፍርድ አለው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ሰባተኛ ያህል የሳሳ ነው። የአዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ እጁን ያሟሸ ተኳሽ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ያው ነፋስ ጥይቱን አብዝቶ ያስትበታል። በተራራ ጥግ ሜዳው በፀሐይ ሲግል አየር ሽቅብ ይነሣል፤ በየሸለቆው አፍም አቅጣጫውን ይለውጣል። ተኳሹ ፊቱ ላይ የሚሰማው ነፋስ ዒላማው ዘንድ ላይኖር ይችላል።

ይህን የሚያውቁት የኦሊምፒክ ተኳሾች እንዴት እንደሚጠነቀቁ እንመልከት። በ50 ሜትር ውድድር የዐሥር ነጥብ ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀደም ብዬ ያልኩት ዐይነት ነፋስ ትንሿን የ22 ካሊበር ጥይት ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወስዳታል። ስለዚህ በሜዳው ላይ ትናንሽ ባንዲራዎች ይተከላሉ፤ ተኳሹም ባንዲራው እስኪመለስለት ጣቱን ከቃታው አንሥቶ ይጠብቃል። የሚያስደንቀው ደግሞ ከድምፅ ጥቂት የሚፈጥነው የ22 ጥይት ከድምፅ ከሚዘገየው ይልቅ በነፋስ መወሰዱ ነው። ጕልበት ብቻውን መድኀኒት አይሆንም።

እንግዲህ በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ የሚተኰሰውን እናስብ። ባንዲራ የለው፤ ዒላማ የለው፤ ጥይቱን የሚቀበል የዐፈር ክምር የለው። የክላሽ ጥይት እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በማን ጣራ ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ማን ነው? በ2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ የፈሰሰውን ደም ያልረሳ ሕዝብ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ደስታ ይሁን ጥፋት በምን ይለየዋል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ወጥቷል። ዐዋጅ ግን ፈቃድን ይቈጣጠራል እንጂ ኵራትን አይቈጣጠርም። ኵራትን የሚያርመው ሌላ ኵራት ነው። ስለዚህ በየወረዳው የዐፈር ግድብ ያለው፣ ባንዲራ የተተከለበት፣ በዳኛ የሚመራ የዒላማ ሜዳ ቢኖር እላለሁ። ወጣቱ በዚያ ይወዳደር፤ ነፋስን ማንበብ ይማር፤ የሳተበትንም በሳንቲ ሜትር ይለካ። እንዲህ የተማረ ሰው በገበያ መካከል አይተኩስም፤ ምን ያህል እንደሚስት ያውቀዋልና።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ሽማግሌዎቹ ይሰሙናል፤ ታናናሾቻችንም ያዩናል። በየሠርጉ ቤት ጠመንጃ ተቀብሎ የሚተኩሰው የተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ ያሳዝናል። ነፋሱን አይቶ ጠመንጃውን የሚያወርደውን ሰው ጀግና ብለን መጥራት እንጀምር።