«ሰማሁ» ባዩ ምስክር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በእርሻ ድንበር፣ በግጦሽ ወይም ከገበያ መልስ ነው። ዱላ ያረፈበት ሰው ደብረ ታቦር ወርዶ ይታከማል፤ ክስም ይመሠረታል። ድርጊቱን ያየው ሰው ግን ቀጠሮው ሲደርስ የለም። ወይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሑመራ ወርዷል፤ ወይ ሞቷል፤ ወይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ከቀዬው ርቋል። በእሱ ፈንታ ጎረቤቱ ቀርቦ «እገሌ ሲናገር ሰምቻለሁ» ይላል። በዚህ ቃል ሰው ይታሰራልን?

ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 መሠረት ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊፈረድበት ይችላል። በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን ሰዎች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጨለማ ነበር ወይስ ብርሃን? ከየት ሆነህ አየህ? ከተጎጂው ጋር ምን ዝምድና አለህ? ጎረቤትየው ለእነዚህ ጥያቄዎች ምን መልስ አለው?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ምስክር በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ነገር እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ይህች «በተዘዋዋሪ» የምትል ቃል የሕግ ባለሙያዎችን ስታከራክር ኖራለች። እኛ ግን ይበልጥ የሚያሳስበን አንቀጽ 144 ነው። የሞተ፣ አእምሮው የታወከ፣ ተፈልጎ የታጣ፣ በጽኑ የታመመ ወይም ከአገር የወጣ ምስክር ቃል በችሎት ሊነበብ ይችላል ይላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ቃል በቀዳሚ ምርመራ በዳኛ ፊት የተሰጠ መሆን አለበት። ብዙ ቤተሰብ «ለፖሊስ ተናግሯል፤ ፈርሟል» ብሎ ይዘናጋል። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል በአንቀጽ 145 ዋና ጥቅሙ ችሎት የቀረበን ምስክር ተአማኒነት መፈተኛ መሆኑ ነው። ሕጉ ቀዳሚ ምርመራን በስም ጠርቶ የደነገገውም ለከባድ የሰው ግድያና ለከባድ ውንብድና ነው፤ እጁ የተሰበረው ገበሬ እዚያ ውስጥ አልተጠራም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ የስሚ ስሚ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው በግልጽ ጽፎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ያስከተለውን ቅሬታ አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም።

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህን ጉዳይ «ሸሃዳ ዐላ ሸሃዳ» በሚል ርዕስ መርምረውታል። በሐነፊ መዝሀብ ዋናው ምስክር ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሩቅ አገር ሲሆን፣ «በቃሌ መስክሩልኝ» ብሎ አደራ ያላቸው ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሊመሰክሩ ይችላሉ። በመንገድ የሰማ ሁሉ አይደለም። ይህም ለገንዘብና ለመሳሰለው ጉዳይ እንጂ ለሑዱድና ለቂሷስ አይሆንም፤ በጥርጣሬ ቅጣት አይፈጸምምና። የአካል ጉዳት ደግሞ ከቂሷስ ጉዳዮች አንዱ ነው።

ስለዚህ ምስክሩ ለአጨዳ ስንቅ ሲቋጥር ያየ የተጎጂ ቤተሰብ፣ ሳይውል ሳያድር ለዐቃቤ ሕጉ ይንገር። የሚሄድበትን ቦታ፣ የሚመለስበትን ወርና የሚገኝበትን ስልክ ያስመዝግብ፤ ቀጠሮው ከመነሻው ቀን በፊት እንዲሆንም ይጠይቅ።