ከስፋት በፊት ቅርጽ፦ የጎነ ሦስት ተገጣጣሚነትና የጨፋ ሸለቆ ማሳዎች

ከከሚሴ ከተማ አጠገብ የተንጣለለው የጨፋ ሸለቆ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው፣ ከፊሉ ረግረግ፣ ከፊሉ እርሻ፣ በበጋ ወራት ደግሞ ከአፋርና ከአካባቢው ቆላዎች የሚመጡ ከብቶች የሚሰማሩበት ሜዳ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ማሳ በየትኛው ጎኑ ወንዙን እንደሚነካ ማወቅ ስፋቱን ከማወቅ አያንስም። የይዞታ መዝገቦች ሲነጻጸሩ ግን ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በስፋቱ ቁጥር ላይ ነው። የቀድሞው ደብተር 0.25 ሄክታር ካለና አዲሱ ካርታም ያንኑ ካለ፣ ሁለቱ መዝገቦች ተስማምተዋል ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነባበብ በቂ አይደለም። 25 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ማሳና 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ስፋታቸው እኩል ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢደረብ ግን አይገጥምም። በሁለቱ መካከል የጎረቤት ድንበር ሊገፋ፣ የውኃ ዳርቻም ከእጅ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄው የጎነ ሦስት ትምህርት ጥያቄ ነው። ሁለት ጎነ ሦስቶች በቅርጽም በመጠንም አንድ ሲሆኑ ተገጣጣሚ፣ በቅርጽ ብቻ አንድ ሲሆኑ ተመሳሳይ ይባላሉ። በከሚሴ ትምህርት ቤት ጎነ ሦስትን «ሮግሰዴ» ብሎ በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅም፣ በአማርኛ የሚማረው እኩያውም ጎ-ጎ-ጎ፣ ጎ-ዘ-ጎ፣ ዘ-ጎ-ዘ የሚሉትን መመዘኛዎች እንደ ውዳሴ ይሸመድዳሉ። መመዘኛዎቹ ግን የቀያሽ ጥያቄ መልሶች ናቸው፦ ምን ምን ከተለካ ሌላው ሁሉ በግድ ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ተዘልሎ ምሕጻሩ ብቻ ሲጠና፣ ትምህርቱ ከማሳው ይለያል።

በአማራ ክልል በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ በቀበሌ ኮሚቴዎች የተከናወነ፣ በአመዛኙ በገመድ የተለካና የአዋሳኞችን ስም የመዘገበ፣ ካርታ ያልነበረው ሥራ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው ገመዱ ነው። ገመድ ይሳባል፣ ይረዝማል፣ እውነት ነው። የከፋው ችግር ግን ከገመዱ ጥራት ይልቅ ከሚለካው ነገር ምርጫ የሚመጣ ነው። አራት ጎን ያለው ማሳ አራቱም ጎኖቹ 50 ሜትር ናቸው እንበል። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ በተለምዶ አንድ ጥማድ የሚባለው ነው። ያው ማሳ ተዘንብሎ አንደኛው ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን ስፋቱ ወደ 2,165 ካሬ ሜትር፣ 30 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ ወደ 1,250 ይወርዳል። ዙሪያው በሦስቱም 200 ሜትር ነው። አራት ጎኖችን በጥንቃቄ የለካ ሰው ቅርጹን ገና አላወቀም።

መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ልኬት ብቻ ነው። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚዘረጋው ሰያፍ ከተለካ ማሳው ለሁለት ጎነ ሦስቶች ይከፈላል፤ የእያንዳንዳቸው ሦስት ጎኖችም ታወቁ ማለት ነው። ሦስት ጎኖቹ የታወቁ ጎነ ሦስት ሊዘነበል አይችልም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሰያፉ 70.7 ሜትር ከሆነ ማሳው ቀጥ ያለ ነው፤ 50 ወይም 86.6 ሜትር ከሆነ ተዘንብሏል። አናጺ የአጥር በር ሲሠራ በአራቱ ጣውላዎች ላይ ሰያፍ ጣውላ የሚመታው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ሳይገልጥ።

ሦስት ልኬት ሁሉ ግን እኩል ዋጋ የለውም። የወንዝ ዳር ማሳ ጎርፍ የሚያጠፋውን ድንጋይ መልሶ መትከል ይጠይቃል። «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት የወሰን ድንጋዮች በቦታቸው አሉ እንበል፤ በመካከላቸው 50 ሜትር ነው። ሦስተኛውን ጎርፍ ወስዶታል። ከ«ሀ» የሚነሣው የድንበር መስመር «ሀ»ን ከ«ለ» ከሚያገናኘው መስመር ጋር 45 ዲግሪ እንደሚሠራ ከቀረው ቦይ ይታያል፤ የጠፋው ድንጋይ ከ«ለ» 40 ሜትር ይርቅ እንደነበርም ተመዝግቧል። ሁለት ጎንና አንድ ማዕዘን ተገኝቷልና ብዙ ሰው ጉዳዩ አለቀ ይላል። ነገር ግን ከ«ለ» ላይ ቆሞ የ40 ሜትር ገመድ የሚያዞር ሰው መስመሩን በሁለት ቦታ ይነካል፦ ከ«ሀ» 16.6 ሜትር ላይና 54.1 ሜትር ላይ። የመጀመሪያው 294፣ ሁለተኛው 956 ካሬ ሜትር የሚሆን ጎነ ሦስት ይሰጣል። ማዕዘኑ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያልተቀመጠ በመሆኑ ልኬቱ አይወስንም። ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ቢለያዩ ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው አራተኛ መረጃ ነው።

ተመሳሳይነት ደግሞ የካርታ ጉዳይ ነው። ካርታ ከማሳው ጋር ተመሳሳይ እንጂ ተገጣጣሚ አይደለም፤ ማዕዘኖቹን ይጠብቃል፣ ርዝመቱን በስኬሉ ያሳንሳል። በ1፡2000 ስኬል 50 ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይኸው ወረቀት ከኤ3 ወደ ኤ4 በፎቶኮፒ ቢያንስ መስመሩ 1.77 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በወረቀቱ ግርጌ የተጻፈው «1፡2000» ግን አይለወጥም። በማስመሪያ የለካው ተመራማሪ 35.4 ሜትር ያነባል፤ 2,500 ካሬ ሜትሩም 1,250 ይሆንበታል። ማዕዘን ሁሉ ትክክል፣ ቅርጹ ትክክል፣ ግማሹ መሬት ግን የለም። ከቁጥር ስኬል ይልቅ በመስመር የተሣለ ስኬል የሚመረጠው አብሮ ስለሚያንስ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በኦርቶፎቶና በጂፒኤስ ስለሚሠራ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት በ50 ሜትር ጎን ላይ ቀላል አይደለም፤ ሣርና ውኃ የሸፈነው ድንበርም በፎቶ አይለይም። ከሁሉም በላይ ካርታው ከታተመ በኋላ መሬቱ በውርስ ይከፈላል፤ ያ ክፍፍል በብዛት የሚጀምረው ማሳው ላይ በገመድ ነው።

አንድ ጎነ ሦስት ማሳ 60 ሜትር በወንዙ ዳር ቢያርፍ፣ ከዚያ እስከ ሩቁ ጫፍ ቀጥታው 100 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ሜትር ነው። ለሁለት ወራሾች እኩል መክፈል በሁለት መንገድ ይቻላል። ከሩቁ ጫፍ ወደ ወንዙ ዳር እኩሌታ መስመር ቢዘረጋ እያንዳንዳቸው 1,500 ካሬ ሜትርና 30 ሜትር የውኃ ዳር ያገኛሉ። ከወንዙ 29.3 ሜትር ርቆ ትይዩ መስመር ቢሠመርም ለእያንዳንዳቸው ያው 1,500 ይደርሳል፤ የላይኛው ክፍል ከዋናው ማሳ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ጎነ ሦስት ነው፣ ውኃ ግን አይነካም። እኅትና ወንድም ሲካፈሉ የትኛው መስመር ለማን እንደተሠመረ የስፋት ሠንጠረዥ አይናገርም።

ስለዚህ የይዞታ መዛግብትን የሚያነጻጽር ጥናት ከስፋት ጋር የጎኖችንና የሰያፎችን ርዝመት መጠየቅ ይኖርበታል፤ የቀበሌው የልኬት ቅጽም ለሰያፍ አንድ መስመር ቢጨመርለት ከአንድ ገመድ ዝርጋታ በላይ ወጪ የለውም። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ይቀራል። ሦስት ጎን ጎነ ሦስትን ሲወስን የመስተዋት ምስሉንም አብሮ ይፈቅዳል፤ ተገጣጣሚ ምስል ሊገለበጥና ሊዛወር ይችላል፣ መሬት ግን አይገለበጥም። ይህን የሚወስነው የቀድሞው ደብተር የያዘው፣ ብዙዎች እንደ ኋላ ቀር የሚያዩት የአዋሳኞች ዝርዝር ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በደቡብ ወንዝ።