የኦዊኖ ኡሁሩ አፈር፦ ካሳ ከተፈረደ በኋላ የሚቀረው መርዝ

በኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው የድሆች መንደር አጠገብ፣ ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን እያቀለጠ እርሳስ የተባለውን ብረት ያወጣ የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጭሱና ፍሳሹ ቆመዋል። ወደ አፈሩ የገባው እርሳስ ግን እንደ ሌሎች ብክለቶች በጊዜ ብዛት በስብሶ የሚጠፋ አይደለም።

ነዋሪዎቹ የጀመሩት ሙግት በክፍለ አህጉሩ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው ነው። ንቅናቄውን የመራችው የፋብሪካው የቀድሞ ሠራተኛ ፊሊስ ኦሚዶ ስትሆን፣ ለትግሉ ያነሳሳት የጨቅላ ልጇ በእርሳስ መመረዝ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀብላለች። በ2020 የሞምባሳ የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት ለ3,000 ያህል ነዋሪዎች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ውሳኔውን ቢሽረውም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ ካሳውን መልሶ አጽንቶታል።

የ2020ው ውሳኔ ከካሳው ሌላ አፈሩ በአራት ወራት ውስጥ እንዲጸዳ፣ ካልሆነም ለጽዳቱ 700 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል ያዝዝ ነበር። ሙግቱ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲጓዝ አራቱ ወራት አልፈው ዓመታት ተቆጠሩ።

ቆፍሮ መጣል ወይስ አክሞ ማልበስ?

በእርሳስ የተበከለ አፈርን በተመለከተ ሁለት ዋና አማራጮች አሉ። አንደኛው የተበከለውን አፈር ቆፍሮ ለአደገኛ ቆሻሻ ወደተዘጋጀ ስፍራ ማጓጓዝ ነው። ዘላቂ መፍትሔ ቢሆንም ወጪው ከባድ ነው፤ ተቀባይ ስፍራውም በአግባቡ ካልተሠራ መርዙ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ተዛወረ ማለት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ አፈሩን በቦታው ማከም ነው። ፎስፌት ሲጨመርበት እርሳሱ በውኃ በቀላሉ ወደማይሟሟ ውህድ ይቀየራል፤ ሲሚንቶ ሲቀላቀልበት ደግሞ አፈሩ ይጠነክራል። ከዚያም በላዩ ላይ መለያ ጨርቅ ተነጥፎ በሸክላ፣ በንጹህ አፈር ወይም በኮንክሪት ይለበሳል። እርሳስ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ በላይኛው ክፍል ስለሚቀር፣ ዋናው አደጋ አቧራው በሕፃናት እጅና አፍ በኩል ወደ ሰውነት መግባቱ ነው። ልባሱ ይህን መንገድ ይዘጋል። ይሁን እንጂ እርሳሱ ከሥር አለ።

በዚህም ምክንያት ልባስ ግንባታው ሲያልቅ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ አንድ የቤት መሠረት ወይም የውኃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፈር መርዙን ዳግም ወደ ላይ ያወጣዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ከባድ ዝናብም ያልተጠበቀ አፈርን ይሸረሽራል። ከልባሱ በታች ምን እንዳለ የሚመዘግብ፣ ቁፋሮ የሚቆጣጠርና የተሰነጠቀውን የሚጠግን ተቋም ለአሥርተ ዓመታት ያስፈልጋል።

ፈተናው የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። የ2020ው ፍርድ ትልቁን የኃላፊነት ድርሻ የጫነው በኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን ላይ ነበር። ልባሱን መጠበቅም በተፈጥሮው የዚሁ ተቆጣጣሪ ሥራ ይሆናል። ትናንት ፋብሪካውን ሳይቆጣጠር የቀረ ተቋም ነገ የማይታይ መርዝን እንዲጠብቅ አደራ ሲሰጠው፣ ነዋሪዎች ማረጋገጫ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

ከሌሎች የተገኘ ትምህርት

በሴኔጋሏ ቲያሮዬ ሱር ሜር ከባትሪ እርሳስ ማውጣት በ2007 እና 2008 ለ18 ሕፃናት ሞት ምክንያት ሆኗል። በዚያ የተበከለው አፈር መነሳቱ ብቻ አልበቃም፤ አቧራው የገባባቸው ቤቶችም መጽዳት ነበረባቸው። በዛምቢያዋ ካብዌ ደግሞ ከ1902 እስከ 1994 የሠራው ማዕድን ትቶት የሄደው የዝቃጭ ክምር ሳይሸፈን በመቆየቱ፣ የጸዱ ግቢዎች በነፋስ በሚመጣ አቧራ ዳግም ለብክለት ይጋለጣሉ። ምንጩ ሳይዘጋ ግቢ ማጽዳት በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሰው ጉዳት አያደርስም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። የተመረዘ ሕፃን ታክሞ ወደዚያው አቧራ ከተመለሰ ሕክምናው ከንቱ ይሆናል። የካሳ ገንዘብም አፈሩ ሳይነካ ቢከፈል አቅም ላለው መውጫ ይሆን ይሆናል፤ በእሱ ቤት ለሚተካው ተከራይ ግን የሚለውጠው ነገር የለም።

ጉዳዩ የሞምባሳ ብቻም አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ዳሬሰላም ተሽከርካሪዎችና የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች በእርሳስ ባትሪ ይሠራሉ፤ ባትሪዎቹም ዕድሜያቸው ሲያበቃ የሆነ ቦታ ይቀልጣሉ። ማቅለጫ ፋብሪካ ፈቃድ ሲሰጠው የመዝጊያና የማጽጃ ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያስይዝ የማያስገድድ አገር፣ ወጪውን ዘግይቶ ከግብር ከፋዩ ኪስና ከሕፃናት ጤና ይከፍለዋል።

በኦዊኖ ኡሁሩ የጽዳቱ ስኬት መለኪያ የፈሰሰው ኮንክሪት ስፋት ሊሆን አይችልም። በፎስፌት የታከመ አፈር ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንኳ አይቀንስም። ትክክለኛው መለኪያ በሕፃናቱ ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከዓመት ዓመት መቀነሱ፣ ለልባሱ ጥበቃ የሚመደበውም በጀት ካሜራዎች ከሄዱ በኋላ አለመቋረጡ ነው።