የፈሰሰ ውሃ የሚታፈስበት ከተማ!

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል ያገሬ ሰው። ተሳስቷል! እኔ ኤሌክትሪሲያኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ከመሬት ውስጥ የኬብል ቱቦ ውሃ እያፈስኩ ነው እንጀራ የምበላው።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሲጀመር፣ በየምሰሶው የተንጠለጠለው ሽቦ መሬት ይግባ ተባለ። እሰየው! ማን ይጠላል? ነገር ግን ሪባን የሚቆርጡት ጌቶች የሚያዩት ከላይ ያለውን መብራትና ንጣፍ ነው። ለመሆኑ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያየ አለ?

ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት አዲስ ቱቦ ውስጥ ኬብል እንድንጎትት ጠራን። ማንሆሉን ብንከፍት ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል! በአጠገቡ ያለውን መስመር አስጠፋን፤ ኃይል አለመኖሩን ለካን፤ ከዚያ በፓምፕ ቀዳን። ቱቦው ውስጥ የቀረውን በኮምፕረሰር ነፋን፤ በገመድ ስፖንጅ አስረን ጎተትንበት። ደረቀ። ሒሳባችንን ተቀበልን። በሳምንቱ ዘነበ፣ ውሃውም ወደ ቤቱ ተመለሰ!

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቱቦው መሃል ላይ ሰርጉዷል፤ አፉም አልተደፈነም። ለመቶ ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ቢሰጡት ኖሮ ውሃው ራሱ ወደ ማንሆሉ ይወርድ ነበር። ማንሆሉም መውጫ ቢኖረው ባልተጠራቀመ።

«ጥሩ ቱቦ ውሃ አያስገባም» የሚሉን አሉ። ውሸት! ሞቃት አየር ውስጡ ገብቶ ሲቀዘቅዝ የተደፈነውም ቱቦ ያልበዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ እንኳ የመሬት ውስጥ ቱቦን ውስጡን እርጥብ ቦታ ብሎ ነው የሚቆጥረው። «ኬብሉ ውሃ ይችላል» የሚሉም አሉ። ኬብሉስ ይቻል፤ መጋጠሚያውስ? ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ሲፈነዳ ሰፈሩ ይጨልማል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ሠራተኛስ የማን ልጅ ነው?

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ባልዲ ውሃ ብቻ ነው። ቱቦው አፈር ሳይለብስ፣ ርክክቡ ሳይፈረም፣ ተቆጣጣሪው ከላይኛው ጫፍ ባልዲውን ይድፋ። ከታች ካልወጣ ፊርማ የለም! ወጪው ስንት ነው? ከአንድ ክረምት የፓምፕ ናፍጣ ያንሳል።

ያን ጊዜ እኔ ሥራ እፈታለሁ ትሉኝ ይሆናል። ልፍታ!