ኮምፒውተሩም የሐበሻ ቀጠሮ ያውቃል

አንድ ሰው በቪኤይት ላንድክሩዘር እየበረረ ቢመጣም፣ ቀጠሮው ካለፈ አልፏል። በእግሩ የመጣው ግን ሰዓቱን ካከበረ ጉዳዩ ይፈጸምለታል። ፈጣን መሆንና ሰዓት አክባሪ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኮምፒውተር ሲገዛ ይህ እውነት ይረሳል። የግዢ ኮሚቴው የሚጠይቀው ስንት ጊጋኸርዝ፣ ስንት ጊጋ ራም እንደሆነ ነው። «ሥራውን በተባለው ቅጽበት ያደርሳል ወይ? ዘገየ ቢባል ቢበዛ ስንት ይዘገያል?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ለደብዳቤ መጻፊያ ከሆነ ግድ የለም። ማሽን ለሚያዝ ኮምፒውተር ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ለምሳሌ ኮንትሮለሩ የተበላሸ ሲኤንሲ ማሽን ይወሰድ። ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ሞተሮቹ ይሠራሉ፤ የሞተው «አእምሮው» ብቻ ነው። የተለመደው መልስ ይታወቃል፦ ከፋብሪካው ይታዘዝ፣ ዶላር ይፈለግ፣ ይጠበቅ። እስከዚያ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ሰልጣኙም ማሽኑን በሥዕል ይማራል። በዚያው ግቢ ሌላ ክፍል ውስጥ ደግሞ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ «አርጅተዋል» የተባሉ ዴስክቶፖች ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ።

ከእነዚያ አንዱ ያንን ማሽን ሊያዝ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። ሊኑክስሲኤንሲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር መነሻው የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም (ኒስት) ሲሆን፣ ቶርኖና ሚሊንግ ማሽኖችን ከተራ ዴስክቶፕ ማንቀሳቀስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

ታዲያ ሊኑክስ ጭኖ መሄድ ብቻ ነው? አይደለም። ተራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሰጠው የሐበሻ ቀጠሮ ነው። በአማካይ ፈጣን ነው፤ ግን ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ወይም ኔትወርኩ ሲጨናነቅ አስቸኳዩን ሥራ «ቆይ፣ የያዝኩትን ልጨርስ» ሊለው ይችላል። መዘግየቱ አንዳንዴ ሚሊ ሰከንዶች ይደርሳል። ሰው አያስተውለውም፤ ብረት እየበላ ያለ መቁረጫ ግን ያስተውለዋል። ሊኑክስሲኤንሲ የማሽኑን እንቅስቃሴ የሚያሰላው በተለምዶ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ጊዜ ነው። ትእዛዙ ከዘገየ ስቴፐር ሞተሩ እርምጃ ሊስት ይችላል፤ መሳቱን የሚናገር ሴንሰር ከሌለ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ከቦታው ዝንፍ ያለ ይሆናል። የረፈደ ትእዛዝ፣ ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ነው።

ሪል-ታይም ሊኑክስ የሚፈታው ይህንኑ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ የራሱን ሥራ እንኳ አቋርጦ ቅድሚያ ላለው ሥራ ቦታ እንዲለቅ ያደርገዋል። ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው ይህ ሥራ 20 ዓመት ገደማ ከዋናው ሊኑክስ ውጭ እንደ መጣፊያ ሲዞር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሊኑስ ቶርቫልድስ ወደ ዋናው ከርነል አስገባው። በኖቬምበር በወጣው 6.12 ላይም ተካተተ። ሥራውን ለዓመታት የመራው ቶማስ ግላይክስነር የማስገቢያ ጥያቄውን በወረቀት አትሞ፣ በወርቃማ መጠቅለያ ጠቅልሎ ነበር ቪየና ላይ ለቶርቫልድስ ያስረከበው። ዛሬ «ይሄ የጎበዞች መጫወቻ ነው» የሚል ካለ ዜናው አልደረሰውም።

ዴስክቶፑን ማዘጋጀት ሙያ እንጂ ምትሃት አይደለም። ዴቢያን ሪል-ታይም ከርነሉን በነፃ ያቀርባል፤ መጫኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፕሮሰሰሩን የሚያስተኙ የኃይል ቁጠባ አማራጮችንና ሃይፐርስሬዲንግን ማጥፋት፣ ከኮሮቹ አንዱን ከሌላ ሥራ ነጥሎ ለማሽኑ መተው፣ በመጨረሻም መለካት ይከተላል። ሳይክሊክቴስት የተባለው መሣሪያ መዘግየቱን በማይክሮ ሰከንድ ይመዘግባል። ሲለካ ኮምፒውተሩ እጁን አጣጥፎ ሳይሆን ፋይል እየገለበጠ፣ ቪዲዮ እያጫወተ፣ ለሰዓታት መሆን አለበት። የሚታየውም አማካዩ ሳይሆን ትልቁ ቁጥር ነው። አጃቢው ሁሉ በሰዓቱ ደርሶ ሙሽራው ከቀረ ሠርግ የለም።

ዋጋ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱና ውዱ ኮምፒውተር በዚህ ፈተና ሊወድቅ፣ አሮጌው ሊያልፍ ይችላል። ማዘርቦርዱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተደብቆ ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥበት ኤስኤምአይ የሚባል መንገድ አለውና፤ ይህን ከርነሉ ሊከለክለው አይችልም። ላፕቶፖች በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ አይታመኑም። ማን እንደሚያልፍ የሚናገረው ልኬቱ እንጂ የዋጋ ዝርዝሩ አይደለም።

ተቃዋሚዎች አንድ እውነት አላቸው። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር፣ ሊፍትም ይሁን የሆስፒታል መሣሪያ፣ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ለደህንነት የተመሰከረለት መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። በሲኤንሲውም ላይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ኃይሉን በሽቦ በቀጥታ የሚቆርጥ እንጂ ሶፍትዌር የሚለምን መሆን የለበትም። ማገናኛ ካርድና የሞተር ድራይቨር መግዛትም ሊያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም ካርድ መግዛትና ሙሉ ኮንትሮለር ማስመጣት አንድ አይደለም።

«ዋስትናውን ማን ይሰጣል?» የሚለው ግን ሰበብ ነው። ሸራ ለብሶ ለቆመው ማሽን ማን ዋስትና ሰጠ? የተዘጋ ኮንትሮለር የገዛ ተቋም በተበላሸበት ቁጥር የባለፋብሪካውን ደጅ ይጠናል። ዴስክቶፑን በእጁ ያዘጋጀ ሰልጣኝ ግን መጠገኑንም አብሮ ተምሯል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ቴክኒሽያን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕና አንድ ሳምንት ይሰጠው። ልኬቱ ካለፈ ዶላሩ ይተርፋል። ከወደቀም ኮሚቴው ቢያንስ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።